“አስተዳደራዊ” የምትል ቃል፦ የዲያሎ ቴሊ የሥራ ሕይወት

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር 16ኛ አንቀጽ አጭር ነው። ድርጅቱ በመሪዎች ጉባኤ የሚሾም “አስተዳደራዊ ዋና ጸሐፊ” ይኖረዋል ይላል። “አስተዳደራዊ” የምትለው ቃል እዚያ የገባችው በአጋጣሚ አይደለም። ቻርተሩን በ1963 አዲስ አበባ ላይ የፈረሙት 32 አገሮች ሆን ብለው ያጠሩት አጥር ናት። ስብሰባ አዘጋጅ፣ ደብዳቤ ላክ፣ አስተርጓሚ ቅጠር፣ ደሞዝ ክፈል፤ ፖለቲካውን ግን ለእኛ ተው ማለታቸው ነው። ብዙዎቹ ነጻ ከወጡ ገና ሦስት ዓመታቸው ነበር። ከአንድ ጌታ ተላቆ ሌላ አለቃ የሚፈልግ መሪ አልነበረም።

በዚያ ወንበር ላይ በጉባኤ ተመርጦ የተቀመጠው የመጀመሪያው ሰው የጊኒው ዲያሎ ቴሊ ነው። ስምንት ዓመት አዲስ አበባ ሠራ። ከተማችንን ከለቀቀ አምስት ዓመት ሳይሞላው ኮናክሪ ውስጥ፣ በገዛ አገሩ እስር ቤት፣ እህልና ውሃ ተከልክሎ ሞተ።

የዚህን ሰው የሥራ ጉዞ ከመነሻው ጀምሬ ልተርክላችሁ ነው። ታሪኩ የጊኒ ነው። መሃሉ ግን እዚህ እኛ ዘንድ አልፏል። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የዳካሩ ባለሥልጣን

ቡባካር ዲያሎ ቴሊ በ1925 ፖሬዳካ በምትባል መንደር ተወለደ። መንደሯ በፉታ ጃሎን ደጋ፣ በማሙ ከተማ አካባቢ ናት። ፉታ ጃሎን የፉላኒዎች አገር ነው። የከብት አርቢዎች፣ የእስልምና ሊቃውንትም ደጋ ነው። የዘሩን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ጠላቶቹ ያነሱበታል።

ጎበዝ ተማሪ ነበርና ፓሪስ ደረሰ። ሕግ ተማረ። ፈረንሳይ ለቅኝ ግዛቶቿ አስተዳዳሪዎችን የምታሰለጥንበት ትምህርት ቤት ውስጥም ገባ። የትምህርት ቤቱ ዓላማ ቅኝ ግዛቶቹን የሚገዙ ፈረንሳውያንን ማፍራት ነው። ቴሊ ግን እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ የመንግሥት ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ተማረ።

በ1954 ሴኔጋል ውስጥ ቲየስ በምትባል ከተማ ምክትል ዓቃቤ ሕግ ሆነ። ከዚያ ወደ ኮቶኑ፣ የዛሬዋ ቤኒን፣ ፍርድ ቤት ተዛወረ። በ1955 ወደ ዳካር ተጠራና የከፍተኛ ኮሚሽነሩ የካቢኔ ኃላፊ ተደረገ። ይህ ቀላል ሹመት አይደለም። ከፍተኛ ኮሚሽነሩ ከሞሪታንያ እስከ ኒጀር ስምንት ግዛቶችን የሚገዛ ፈረንሳዊ ነው። እሱ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ወረቀት በቴሊ እጅ ያልፋል ማለት ነው። በ1957 ደግሞ የምዕራብ አፍሪካ ታላቁ ምክር ቤት ዋና ጸሐፊ ሆነ። ምክር ቤቱ ከየግዛቱ አምስት አምስት፣ በጠቅላላው 40 ተወካዮች ተቀምጠው በጋራው በጀት ላይ የሚከራከሩበት ነበር። የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት የኮትዲቯሩ ፌሊክስ ኡፉዌ ቧኚ ነበር።

በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ ምዕራብ አፍሪካ አስተዳደር ውስጥ ከዚህ የበለጠ ቦታ የያዘ አፍሪካዊ አልነበረም። ዕድሜው ገና 32 ነው። ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ በጀት መከታተል፣ የስምንት አገር ፖለቲከኞችን ጠባይ ማወቅ እዚያ ተማረ። ለኋላው ሥራ ከዚህ የተሻለ ልምምድ አይገኝም። አንድ መጥፎ ትምህርትም አብሮ የቀሰመ ይመስለኛል። በዚያ ቢሮ ውስጥ ደንብ ደንብ ነው። ሠራተኛው ሥራውን በሚገባ እስከሠራ ድረስ ማንም በሌሊት መጥቶ አይወስደውም። ቴሊ ይህን እምነት ዕድሜውን ሙሉ ይዞት የኖረ ሰው ነው ብዬ አስባለሁ።

“አይሆንም” ያለች አገር

ኦገስት 25 ቀን 1958 የፈረንሳዩ መሪ ጄኔራል ደ ጎል የጊኒ ዋና ከተማ ኮናክሪ ገባ። ቅኝ ግዛቶቹ በፈረንሳይ ማኅበር ውስጥ ይቆያሉ ወይስ ይወጣሉ በሚለው ላይ ድምፅ ሊሰጡ ነው። የጊኒው መሪ ሴኩ ቱሬ ፊቱ ቆሞ፣ በባርነት ከመበልጸግ በነጻነት መደኽየት ይሻለናል አለው። ሴፕቴምበር 28 ጊኒ ከመቶ 95 በሚሆን ድምፅ “አይሆንም” አለች። ከግዛቶቹ ሁሉ እምቢ ያለችው እሷ ብቻ ናት። ኦክቶበር 2 ነጻነቷን አወጀች።

ፈረንሳይ ተቆጣች። ሠራተኞቿ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጠቅልለው ወጡ። መዝገብ ይዘው የሄዱ፣ የስልክ መስመር ነቅለው የሄዱም ነበሩ። አዲሱ መንግሥት ሠራተኛ አልነበረውም ማለት ይቻላል።

ቴሊ ዳካር ውስጥ ጥሩ ወንበርና ጥሩ ደሞዝ ነበረው። ትቶት ወደ አገሩ ሄደ። እኔ ይህን ውሳኔ በጣም አከብራለሁ። ጊኒ በዚያች ሰዓት ከጀግና ይልቅ ደብዳቤ በወጉ የሚጽፍ ሰው ነበር የቸገራት። ቱሬም ወዲያው ወደ ኒው ዮርክ ላከው።

ዲሴምበር 12 ቀን 1958 ጊኒ የተባበሩት መንግሥታት አባል ሆነች። ያን ቀን ከአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ሌላ፣ በድርጅቱ ውስጥ የነበሩት የአፍሪካ አገሮች ስምንት ብቻ ነበሩ። አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ቴሊ ዘጠነኛውን ወንበር ይዞ ተቀመጠ። ለተወሰነ ጊዜ ዋሽንግተንም በአምባሳደርነት ደርቦ ሠርቷል። በ1960 አዳዲሶቹ አገሮች በአንድ ጊዜ ሲጎርፉ እሱ ነባር ሆኖ ጠበቃቸው። የትኛው ኮሚቴ ምን እንደሚሠራ፣ የውሳኔ ሐሳብ እንዴት እንደሚረቀቅ፣ ድምፅ እንዴት እንደሚሰበሰብ ያውቃል። አንደበቱ ርቱዕ ነው። ሥራ አይደክመውም።

ኒው ዮርክ ላይ ከሠራው ሁሉ አንዱን ብቻ ላንሳ። በኖቬምበር 1962 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የአፓርታይድን ጉዳይ የሚከታተል ልዩ ኮሚቴ እንዲቋቋም ወሰነ። ምዕራባውያኑ አገሮች አንገባም አሉ። ኮሚቴው ያለ እነሱ በ11 አባላት ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያው ሊቀመንበር ቴሊ ሆነ። ኃያላኑ የሌሉበት ኮሚቴ ምን ሊፈይድ ነው ያለ ብዙ ነበር። ቴሊ ግን ነገሩን ገልብጦ አየው። እነሱ ስለሌሉ የሚጎትተው የለም። ምስክሮችን ሰማ፣ ዘገባ አወጣ፣ ስብሰባ በስብሰባ ላይ ጠራ።

በኦክቶበር 1963 ማንዴላና ጓዶቹ የሪቮኒያ ክስ ቀረበባቸው። የስቅላት ፍርድ ያሰጋቸው ነበር። ክሱ በቀረበ በቀናት ውስጥ፣ ኦክቶበር 11፣ ጠቅላላ ጉባኤው ችሎቱ እንዲቆምና የፖለቲካ እስረኞቹ እንዲፈቱ በ106 ድምፅ ጠየቀ። የተቃወመችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት። በእርግጥ የብዙ ሰው ሥራ ነው። ግን ዓለም በቀናት ውስጥ እንዲህ ሊነሳ የቻለው፣ ከዚያ በፊት ወራት የፈጀ የኮሚቴ ሥራ ስለነበረ ነው።

አዲስ አበባ፣ ስምንት ዓመት

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እንደተመሠረተ ጽሕፈት ቤቱን በጊዜያዊነት ይመሩ የነበሩት የእኛው ክፍሌ ወዳጆ ናቸው። በጁላይ 1964 መሪዎቹ ካይሮ ተሰበሰቡ። ሁለት ነገር ወሰኑ፦ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ እንዲጸና፣ ዋና ጸሐፊውም ዲያሎ ቴሊ እንዲሆን።

ንጉሠ ነገሥቱ ለድርጅቱ የፖሊስ ኮሌጅ የነበረውን ግቢ ሰጥተው ነበር። ቴሊ እዚያ ገባ። ከአጠገቡ የሚዋሰነው ምን እንደነበር የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል፦ ከርቸሌ፣ ዓለም በቃኝ። የአህጉሩ የነጻነት ቢሮና የአገሩ ትልቁ እስር ቤት ጎረቤት ነበሩ። ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ረጅሙ ሕንጻ የቆመው እስር ቤቱ ፈርሶ በቦታው ላይ ነው። ቴሊ ያን አጥር በየቀኑ ሲያልፍ ምን ይሰማው እንደነበር ብዙ ጊዜ ሳስበው እውላለሁ።

ሥራው ገና ከመጀመሩ እሳት ውስጥ ገባ። ኖቬምበር 24 ቀን 1964 የቤልጂግ ፓራሹተኞች፣ አማጺዎች ያገቷቸውን ነጮች ለማስለቀቅ፣ ከአሜሪካ አውሮፕላኖች ኮንጎ፣ ስታንሊቪል ላይ ወረዱ። በዚያን ሰዓት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በኬንያው ጆሞ ኬንያታ የሚመራ ኮሚሽን አቁሞ ነገሩን ለመሸምገል እየሞከረ ነበር። አህጉሩ ተናቀ። አስተዳደራዊ ዋና ጸሐፊ በዚህ ጊዜ ምን ማድረግ አለበት? በቻርተሩ ካየነው ደብዳቤ መላክ። ቴሊ ግን ተናገረ። በየመድረኩ የድርጅቱ ድምፅ እሱ ሆነ።

ይህ ለአንዳንዶቹ ጥሩ ነበር፤ ለሌሎቹ አልተዋጠላቸውም። በተለይ ለፈረንሳይ ቅርብ የነበሩት መንግሥታት፣ ይህ ሰው ጸሐፊ ነው ወይስ ፕሬዚዳንት ማለት ጀመሩ። ክሱ ከንቱ አልነበረም። ቴሊ ከተሰጠው መስመር በእርግጥ ያልፍ ነበር። እኔ ግን የምፈርድለት ነኝ። በመስመሩ ውስጥ ብቻ ቢቆም ኖሮ ጽሕፈት ቤቱ የስብሰባ አዳራሽ ጠባቂ ሆኖ ይቀር ነበር።

የመሥሪያ ቤቱ አቅም ምን ያህል እንደነበር ያየሁት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው በሮዴዥያ፣ በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ጉዳይ ነው። ኖቬምበር 11 ቀን 1965 የነጮቹ መንግሥት በራሱ ነጻነት አወጀ። በዲሴምበር መጀመሪያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮቹ አዲስ አበባ ተሰብስበው፣ እንግሊዝ አመጹን እስከ ዲሴምበር 15 ካላስቆመች ሁላችንም ግንኙነት እናቋርጣለን ብለው ወሰኑ። ቀኑ ደረሰ። ያቋረጡት አስር አይሞሉም። ኢትዮጵያም አላቋረጠችም። ቃሉን ያልጠበቀውን አባል ዋና ጸሐፊው ምን ይለዋል? ምንም። ማዘዣ የለው፣ ቅጣት የለው። መዋጮውን እንኳ በሰዓቱ የማይከፍል አባል ብዙ ነበር።

ከሁሉ የከበደው ፈተና ግን የመጣው በገዛ አገሩ በኩል ነው። በፌብሩዋሪ 1966 የጋና ወታደሮች ፕሬዚዳንታቸውን ንክሩማን ገለበጡት። ሴኩ ቱሬ ኮናክሪ ተቀብሎ አብሮኝ ፕሬዚዳንት ነህ አለው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 29 የጊኒው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ላንሳና ቤያቮጊ ልዑኩን ይዞ ወደ አዲስ አበባው ስብሰባ እየሄደ ነበር። የተሳፈሩበት የፓን አሜሪካን አውሮፕላን አክራ ላይ ሲያርፍ የጋና መንግሥት አውርዶ አሰራቸው። ጊኒም በቁጣ የአሜሪካን አምባሳደር ከቤቱ እንዳይወጣ አደረገች።

እስቲ ራሳችሁን በቴሊ ቦታ አስቀምጡ። የታሰረው የአገሩ ሚኒስትር ነው። የታሰረው ደግሞ እሱ ወደጠራው ስብሰባ ሲመጣ ነው። ያሰረችው ጋና አለቃው ከሆኑት አባል አገሮች አንዷ ናት። የቻርተሩ 18ኛ አንቀጽ ደግሞ ዋና ጸሐፊውና ሠራተኞቹ ከየትኛውም መንግሥት መመሪያ አይጠይቁም፣ አይቀበሉም ይላል። ለጊኒ ቢጮህ አድሏል ይባላል። ዝም ቢል ኮናክሪ ከዳን ትላለች። ነገሩ በሽምግልና አለቀ። የድርጅቱ መልእክተኞች አክራ ተመላለሱ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ገቡበት፣ እስረኞቹም በኖቬምበር መጀመሪያ ተፈቱ። ሴኩ ቱሬ ግን አኩርፎ ከጉባኤው ቀረ። ከዚያ ወዲያም ለብዙ ዓመታት ከአገሩ እምብዛም አይወጣም ነበር።

የቻርተሩ ደራሲዎች 18ኛውን አንቀጽ ሲጽፉ ለጸሐፊው ጋሻ የሰጡት መስሏቸው ይሆናል። ጋሻው ግን የሚሠራው አዲስ አበባ እስካለ ብቻ ነው። ፓስፖርቱን የሰጠው፣ ለሹመት ያጨው፣ ሲሰናበት የሚቀበለው አገሩ ነው። የቴሊ ጉዳይ ቁልፉ እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ቢያፍራ ከናይጄሪያ ልገንጠል ብላ የተነሳው ጦርነትም ነበር። በሴፕቴምበር 1967 ኪንሻሳ ላይ ድርጅቱ ጉዳዩ የናይጄሪያ የውስጥ ጉዳይ ነው ብሎ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሚመራ የስድስት አገሮች ኮሚቴ አቆመ። በኦገስት 1968 ተፋላሚዎቹ አዲስ አበባ ለድርድር መጡ። የቢያፍራው መሪ ኦጁኩ ራሱ መጥቶ ረጅም ንግግር አደረገ። ስምምነት አልተገኘም። በሌላ በኩል ኡፉዌ ቧኚ፣ የቴሊ የዳካር አለቃ የነበረው፣ ለቢያፍራ እውቅና ሰጥቶ ነበር። ቴሊ በናይጄሪያ አንድነት በኩል እንደቆመ ዘለቀ። በሴፕቴምበር 1968 አልጀርስ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ተመረጠ።

መመለስ

በጁን 1972 ራባት ላይ ወንበሩ ለካሜሩናዊው ንዞ ኤካንጋኪ ተሰጠ። ኤካንጋኪም ብዙ አልቆየም፤ ድርጅቱን ከእንግሊዙ ሎንሮ ኩባንያ ጋር ያስፈረመው የነዳጅ አማካሪነት ውል ቁጣ ስላስነሳ በ1974 ለቀቀ።

ቴሊ 47 ዓመቱ ነው። ሕግ አዋቂ ነው። ኒው ዮርክ ያውቀዋል፤ የአፍሪካ መሪዎች ሁሉ በስሙ ይጠሩታል። በጊኒ ምን እየሆነ እንዳለም ያውቃል። በኖቬምበር 1970 ፖርቱጋሎች ከጊኒ ስደተኞች ጋር ሆነው ኮናክሪን በባሕር ወረሩ። ወረራው ከሸፈ። ከዚያ በኋላ ግን ቱሬ በገዛ ሰዎቹ ላይ ዞረ። ሚኒስትሮች፣ አምባሳደሮች፣ ጳጳስ ሳይቀር ታሰሩ። በጃንዋሪ 1971 ኮናክሪ ውስጥ ድልድይ ላይ የተሰቀሉ ሰዎች ነበሩ።

እና ተመለሰ። ለምን? አገሩን ስለሚወድ የሚለው መልስ እውነት ነው፤ ግን አይበቃኝም። በ1958 አገሩ ስትጠራው ሄዷል። በ1972ም ስትጠራው ሄደ። የመንግሥት ሠራተኛ ከተመደበበት ሲነሳ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይመለሳል። ለእሱ ነገሩ እንዲህ ቀላል የነበረ ይመስለኛል። ምንም ጥፋት የለበትም፤ ጥፋት የሌለበት ሰው ለምን ይሸሻል?

በኦገስት 1972 የፍትሕ ሚኒስትር ሆነ። እዚህ ላይ ላለፈው አልችልም። የፍትሕ ሚኒስትር በሆነበት አገር ካምፕ ቦይሮ የሚባል እስር ቤት ነበር። ሰዎች ያለ ፍርድ ይገቡበታል፤ ብዙዎቹ አይወጡም። ቦይሮ በፍትሕ ሚኒስቴር እጅ አልነበረም። ምርመራውን የሚያካሂዱት የገዢው ፓርቲ ሰዎች ናቸው። ቴሊ ፍርድ ቤቶቹን ይመራል፤ እውነተኛው ችሎት ግን ሌላ ቦታ ነው። ዓቃቤ ሕግ ሆኖ ሥራ የጀመረ ሰው ይህን ሳያይ ሊቀር አይችልም። አራት ዓመት በዚያ ወንበር ተቀመጠ። የማከብረው ሰው ስለሆነ ነው ይህ የሚከነክነኝ።

ጁላይ 18 ቀን 1976 ተያዘ። ክሱ መንግሥት ለመገልበጥ ከውጭ የስለላ ድርጅት ጋር አሲሯል የሚል ነው። “የፉላኒ ሴራ” ተባለ። ያዙልኝ ያልኩት ዘሩ እዚህ ተመለሰ። ቱሬ በኦገስት ወር በፉላኒ ሕዝብ ላይ በአደባባይ ተናገረ። ቴሊን አሰቃይተው ያናዘዙትን ቃል በሬዲዮ አስተላለፉት። በተባበሩት መንግሥታት መድረክ ለማንዴላ የተሟገተው ድምፅ፣ በኮናክሪ ሬዲዮ በራሱ ላይ ሲመሰክር ተሰማ።

በ1977 መጀመሪያ ከአራት ሰዎች ጋር ለየብቻው ክፍል ተዘጋበት። ከአራቱ ሁለቱ የቀድሞ ሚኒስትሮች አሊዩን ድራሜና አልፋ ኡማር ባሪ ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ መኮንኖች። ቅጣቱን በፈረንሳይኛ የሚጠሩበት ስም “ጥቁሩ ጾም” እንደማለት ነው። በሩ ይዘጋል፣ እህልም ውሃም አይገባም፣ እስኪሞቱ ድረስ አይከፈትም። አምስቱም ሞቱ።

አዲስ አበባ ያለው ድርጅት ስለ መጀመሪያው ዋና ጸሐፊው አንድ ውሳኔ አላወጣም። ቻርተሩ በአባል አገሮች የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ መግባትን ይከለክላል። በናይጄሪያ ጦርነት ቴሊ ራሱ የቆመበት አንቀጽ ነው። የእኛም ሰዎች በዚያ ዘመን ዕጣቸው አልተሻለም። በምሥረታው ጉባኤ የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተወልድ በኖቬምበር 1974 ተረሸኑ። ቻርተሩ እንዲፈረም የደከሙት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከተማ ይፍሩም ለዓመታት ታሰሩ። ድርጅቱ ያኔም ዝም ነው ያለው፤ አክሊሉ የተረሸኑበት እስር ቤት ደግሞ ጎረቤቱ ነበር።

“አስተዳደራዊ” የምትለዋ ቃል በኋላ ከሹመቱ ስም ላይ ተሰረዘች። ከዚያ ወዲያ ወንበሩን የያዙት “ዋና ጸሐፊ” ብቻ ተባሉ።

በ1984 የመሪዎቹ ጉባኤ ኮናክሪ ላይ እንዲካሄድ ተወስኖ ነበር። ሴኩ ቱሬ የድርጅቱ ሊቀመንበር ሊሆን ነው። ለእንግዶቹ ማረፊያ ቪላዎች ተሠሩ። ማርች 26 ቱሬ አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ ለሕክምና ሄዶ ሞተ። ኤፕሪል 3 ወታደሮቹ ሥልጣን ያዙና የቦይሮን በር ከፈቱ። በሕይወት የቀሩት እስረኞች ወጡ፤ የቴሊን ክፍል የሚያውቁት እነሱ ናቸው የመሰከሩት። ጉባኤው ኮናክሪ መሆኑ ቀረና ወደ ኖቬምበር ተላለፈ። የተካሄደውም አዲስ አበባ ነው።